የሚዜዎቹ ሰማያዊ

ከእኛ በላይ ባለው ፎቅ የምትኖር አንዲት ወጣት ቅዳሜ ጠዋት እንቁላል ስትመታ፣ ሹካዋ ከሳህኑ ጠርዝ ጋር ሲጋጭ በመስኮት ይሰማኛል። ያ ድምፅ ጆሮዬ እንደገባ ሳላስበው ናይሮቢ አውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ ኢምባካሲ ወደነበረችው አንዲት ክፍላችን ይዞኝ ይመለሳል፤ እናቴ በርጩማ ላይ ተቀምጣ፣ ጎድጓዳውን የብረት ሳህን በጉልበቶቿ መሃል አጥብቃ ይዛ፣ ቅቤና የዱቄት ስኳር በእንጨት ማማሰያ ስትመታ ትታየኛለች። አውሮፕላን ዝቅ ብሎ ሲያልፍ የጣራው ቆርቆሮ ይንቀጠቀጥ ነበር፣ እኔና እህቴ ጆሯችንን እንይዝ ነበር፣ እሷ ግን ምቷን አታቋርጥም ነበር። ድምፁ ደስ የሚል ነው። እኔን ግን እስከ ዛሬ የሰው ዕቃ ሰብሬ እንደደበቅሁ ያደርገኛል፣ ምንም ሳልሰብር።

እናቴ አስቴር ትባል ነበር። አዲስ አበባ ሳለን ኬክ ቤት ውስጥ ትሠራ ነበር፤ መንግሥት ሲለወጥ፣ ወታደሩ አባታችንም ከሄደበት ሳይመለስ ሲቀር፣ እኔንና ታናሽ እህቴን ሳሮንን ይዛ በሞያሌ አድርጋ ናይሮቢ ገባች። ከሙያዋ በቀር ይዛ የመጣችው ነገር አልነበረም። ኦቨን ስላልነበረን ኬኩን በድስት ትጋግረው ነበር፣ ከሥሩ ከሰል አድርጋ፣ ክዳኑ ላይ ደግሞ ፍም ደርድራ፤ ሲወጣ ግን ከኬክ ቤት የወጣ ነው የሚመስለው። የቤተ ክርስቲያናችን ሰዎች ልጅ ሲወልዱ፣ ሲጋቡ፣ ወደ ውጭ የሚሄዱበት ቀን ሲቆረጥላቸው «አስቴር ጋ ሂዱ» ይባባሉ ነበር።

እኔ ትምህርት ቤት ተቀምጬ ፊደል የቆጠርኩ ሰው አይደለሁም። ይህን የምጽፍበትን ፊደል ያገኘሁት ኬክ ላይ ነው። ደንበኞች የሚጻፍላቸውን ቃል በቁራጭ ወረቀት ያመጡልን ነበር፣ እናቴ የዘይት ወረቀት እንደ ቀንድ ጠቅልላ ክሬም ትሞላልኝና፣ እኔ መጀመሪያ ትሪ ላይ «እንኳን ደስ አላችሁ» የሚለውን መልኩን እያየሁ እቀዳ ነበር፣ የተጣመመውን ፊደል ልሼ እንደገና እጀምር ነበር። «ደ»ን ስንት ጊዜ እንደላስኳት እኔ ነኝ የማውቀው። እንግዲህ አጻጻፌ አንዳንድ ቦታ ዘመም ቢል ከዚያ የመጣ ነው።

የእናቴን ዓይን የጋረደው ነገር መቼ እንደጀመራት አላውቅም። መጀመሪያ የመርፌ ቀዳዳ እምቢ አላት፣ ከዚያ የሰው ፊት በሩቁ መለየት ተሳናት፣ በኋላ ደግሞ ቀለም ከዳት፤ ነጭ ነገር ሁሉ ሻይ የፈሰሰበት መስሎ ይታያት ነበር፣ ሰማያዊና አረንጓዴ አንድ ላይ ግራጫ ይሆኑባት ነበር። የዓይን ሞራ ነበር። ለሰው ግን አልነገረችም፤ «ዓይኗ የማያይ ሴት ኬክ ማን ያዛል?» ብላ አንድ ጊዜ ብቻ ነገረችን፣ እኔና ሳሮንም አፋችንን ዘጋን። ሌላውን ሁሉ በእጇ ትሠራ ነበር፣ ቅቤው መላላቱን በማማሰያው ክብደት ታውቅ ነበር፣ የስኳሩን መሟሟት በምላሷ። ለቀለም ብቻ ሰው አስፈለጋት፤ ያ ሰው እኔ ነበርኩ።

ያኔ ሰርግ ያላቸው ሰዎች ከሚዜዎቹ ልብስ ቁራጭ ጨርቅ ቆርጠው ይሰጡን ነበር፣ ክሬሙ ከጨርቁ ጋር አንድ መሆን ነበረበት፤ ፎቶ ላይ ኬኩና ሚዜዎቹ ካልተመሳሰሉ ሰርጉ ሰርግ አይመስላቸውም ነበር። ይህ ደግሞ ሲያወሩት እንደሚቀለው አይደለም። ቅቤ ቢጫ ነው፤ ቢጫ ላይ ሰማያዊ ጠብ ካደረጋችሁ የሚወጣላችሁ አረንጓዴ ነው። ስለዚህ እናቴ ቅቤውን እስኪነጣ ድረስ ክንዷ እስኪዝል ትመታው ነበር፣ ከዚያ እኔ የስቴኪኒ ጫፍ ሐምራዊ ቀለም ውስጥ ነክሬ ክሬሙን ነካ አደርገው ነበር፤ ሐምራዊው የቀረውን ቢጫ ያጠፋዋል፣ ግን ንክኪው ከበዛ አመድ ያስመስለዋል። ሰማያዊው የሚገባው ከዚያ ወዲያ ነው፣ እሱም በስቴኪኒ ጫፍ። ጨርቁን ይዤ በር ላይ፣ በቀን ብርሃን፣ አስተያይ ነበር፣ እናቴ ከውስጥ «ደረሰ?» ትለኛለች፣ «ገና» እላለሁ፣ እንደገና «ደረሰ?»፣ «ሊደርስ ነው»፤ ትንሽ ሲቀረው «በቃ ተዪው፣ ሲያድር ራሱ ይደርሳል» ትል ነበር፣ ቀለም እያደረ ይደምቃልና። እነዚያን ሰዓቶች እወዳቸው ነበር። እናት ልጇን እያመነች ስትጠይቅ፣ ልጅም የምትመልሰው ነገር ሲኖራት፣ ከዚህ የሚበልጥ ምን አለ?

ችግራችን ጥር ነበር። የኬንያ ልጆች ትምህርት የሚጀምሩት የፈረንጅ አዲስ ዓመት እንደገባ ነው፤ የእኛ ሰው ደግሞ የገና ጾም ተፈትቶ ጥር ሲገባ ያገባል፣ ጴንጤው ባይጾምም ከዘመዱ ጋር አብሮ ይደግሳል። ከዓመት እስከ ዓመት ሥራ የሚበዛብን ያኔ ነበር፣ በዚያው ሰሞን የሰፈሩ ልጆች ካልሲያቸውን እስከ ጉልበታቸው ስበው በደጃችን ያልፉ ነበር። የመጀመሪያው ጥር ሳሮን ገባች፣ ትንሽ ስለነበረች ቤት ብትቀመጥም የምታግዘው ነገር አልነበረም። እኔን እናቴ «አንቺ በሚቀጥለው» አለችኝ። በሚቀጥለውም «በሚቀጥለው»። ማማ ንጄሪ የምትባል አትክልት የምትሸጥ ኬንያዊት ጎረቤት ነበረችን፣ ጠዋት ጠዋት በር ላይ ስታየኝ ጣቷን ወደ መንገዱ እየቀሰረች «ሹሌ! ሹሌ!» ትል ነበር፣ ትምህርት ቤት ማለቷ ነው፤ እናቴ ስዋሂሊ እየሰማች እንዳልሰማ ሰው ፈገግ ትል ነበር። ማታ ስንበላ ግን ከራሷ በኩል ያለውን ሥጋ በጣቷ ወደ እኔ ትገፋልኝ ነበር። ሳሮንም ይህንን ታይ ነበር።

በብርዱ ወራት፣ ናይሮቢ ፀሐይዋን ስትደብቅ፣ ቅቤው ድንጋይ ይሆን ነበር። ከሰል አጠገብ አድርገን እስኪላላ ስንጠብቅ ሳሮን መጽሐፏን ጮክ ብላ ታነብ ነበር፣ እኔም ትርጉሙን ሳላውቅ ከሥር ከሥሯ አንሾካሽክ ነበር። እናቴ ከንፈሬን ማየት አትችልም፣ ጆሮዋ ግን ንቁ ነበር። አንድ ማታ ሹክሹክታዬን ስትሰማ እጇ ቅቤው ላይ እንዳለ ቀጥ ብሎ ቀረ። የኅዳር ዝናብ ሲጀምር ከማማ ንጄሪ ጋር ወጥታ ጭቃ በጭቃ ሆና ተመለሰች፣ ፌስታሏ ውስጥ ልባሽ ቀይ ሹራብና ግራጫ ቀሚስ ይዛ።

«ጥር ትገቢያለሽ» አለችኝ።

«ክሬሙስ?»

«ክሬሙ ከሰዓት በኋላ ይጠብቅሻል። እሱ የት ይሄዳል?»

ገባሁ። አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር፣ ከስድስት ዓመት ልጆች ጋር አንድ አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ፣ ጉልበቴ ጠረጴዛው ሥር አልገባ ብሎኝ በጎኔ ዞሬ ነበር የምቀመጠው። ልጆቹ «ማማ፣ እርሳስ ስጪን» እያሉ ይቀልዱብኝ ነበር፣ አልከፋኝም። አንድ ክፍል ሙሉ ልጅ በአንድ አፍ ሲጮህ ደረቴ ውስጥ የሚሰማኝን ነገር እወደው ነበር። ከሰዓት በኋላ ሮጬ እመጣለሁ፣ ሹራቤን ሳላወልቅ ስቴኪኒ አነሳለሁ፣ እናቴ በርጩማዋ ላይ ሆና «ዛሬስ ምን አሏችሁ?» ትለኛለች። ሁለቱም የሚሆን መስሎን ነበር።

እትዬ ጽጌ ኪሊማኒ በሚባለው ሰፈር ምግብ ቤት የነበራቸው፣ ናይሮቢ ያለ ሐበሻ ሁሉ የሚያውቃቸው ሴት ነበሩ። በዚያ ጥር የመጀመሪያ ልጃቸውን ሲድሩ ኬኩን ለእናቴ ሰጧት። ትልቅ ነገር ነበር፤ እሳቸው ከወደዱት የመሃል ከተማ ነጋዴ ሁሉ ወደ እኛ ይመጣል፣ ካልወደዱት ደግሞ ማንም አይመጣም። ሚዜዎቹ የሚለብሱት ጥርት ያለ የሰማይ ቀለም ነበር፣ ጨርቁን ራሳቸው ይዘውልን መጡ። ሰርጉ ቅዳሜ ነው፣ ሾፌሩ ዓርብ አመሻሽ ይመጣል ተባለ፣ እኔም ከትምህርት ቤት ስመለስ ቀለሙን ላስገባ ከእናቴ ጋር ተስማማን።

ሾፌሩ ግን በቀትር መጣ፣ ሌላም የሚያመላልሰው ዕቃ ነበረው። እናቴ «ልጄ እስክትመጣ ቆይ» ልትለው ትችል ነበር፤ ግን «ለምን?» ቢላት ምን ትመልሳለች? ውጭ ጡሩንባው ሲነፋ እሷ ውስጥ ብቻዋን የቀለሙን ጠርሙስ ከፈተች። ቅቤው ገና በደንብ አልነጣም፣ የሐምራዊውን ነገር ደግሞ ያለ ዓይን መሞከር ፈራች። ሰማያዊውን ጠብ አደረገች፣ አልታያትም፤ ደገመች፣ አሁንም አልታያትም፤ በግምት ኬኩን ቀብታ ለሾፌሩ ሰጠችው።

ስመለስ ኬኩ ሄዷል፣ ጎድጓዳው ሳህን ወለሉ ላይ ነው። እናቴ በርጩማው ላይ ቀጥ ብላ ተቀምጣለች፣ እጇ እስከ ክንዷ ቀለም ነው፣ እሷ ግን አላወቀችም።

«ምሕሬ፣ እስቲ እዪልኝ። ደርሷል አይደል?»

ሳህኑን ወደ በሩ ይዤው ወጣሁ፣ ማየት ሳያስፈልገኝ። ከዚያ ተመለስኩ። «እማዬ፣ አረንጓዴ ነው» አልኳት።

«ምን ዓይነት አረንጓዴ?»

«የጎመን።»

ተነሳች። ሌላ ቅቤና ስኳር፣ ጠርሙሶቹንና ጨርቁን ሳህኑ ውስጥ ከተትን፣ ሳሮንን ለማማ ንጄሪ ትተን፣ ሰው እንደ ከረጢት የሚጫንበት ማታቱ የሚባለው ሚኒባስ ላይ ተሳፈርን። የዓርብ መንገድ ታውቁታላችሁ፤ መሃል ከተማ ወርደን ሌላ እስክንይዝ ድረስ ፀሐይዋ ምን ያህል እንደቀራት አይ ነበር። እናቴ ሳህኑን ታቅፋ መንገዱን ሙሉ የተናገረችው አንድ ነገር ብቻ ነው። «ትምህርት ቤት መሄድሽ ጥፋት አይደለም፣ ሰማሽ?» አለችኝ። እኔ ደግሞ እሷ እስክታነሳው ድረስ ጥፋት ሊሆን እንደሚችል አስቤው አላውቅም ነበር።

የእትዬ ጽጌ ቤት በዘመድ ሞልቷል። ኬኩ ጠረጴዛ ላይ ቆሟል፣ ሰው ከቦታል፣ የሙሽራዋ አጎት በጣቱ ቀምሶ ከንፈሩ አረንጓዴ ሆኗል፣ ከሁሉ በላይ የሚያወራው ደግሞ እሱ ነው።

«ሙሽሮቹን ግጦሽ ልታሰማሯቸው ነው እንዴ?» ይላል።

«ዝም በል አንተ! ለሁዳዴ ቀድማ ሠርታው ነው፣ የጎመን ኬክ!» ትላለች አንዷ።

«መጀመሪያ አፍህን ጥረግ፣ ፍየል መስለሃል» ትላለች ሌላዋ፣ ቤቱ በሳቅ ይናጋል።

እትዬ ጽጌ አልሳቁም። «አስቴር፣ እኔ ሰማይ አልኩሽ እንጂ መስክ አልኩሽ?»

«እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ጠርሙሱ ነው ያሳሳተኝ። አሁን እናስተካክለዋለን» አለች እናቴ፣ ወደ ድምፃቸው ዞራ።

ወጥ ቤታቸው ውስጥ አረንጓዴውን በቢላ ገፈን ጣልነው። እናቴ አዲሱን ቅቤ እንደዚያን ቀን መትታ አታውቅም፤ ላቧ በአገጯ ይንጠባጠብ ነበር፣ ነጣ፣ ወተት መሰለ። እኔ የጓሮውን በር አስከፈትኩ፣ በአምፖል ብርሃን ቀለም ይዋሻልና ፀሐይዋ ሳትጠልቅ መድረስ ነበረብኝ፣ ትልልቆቹን ሰዎችም «እባካችሁ ብርሃኑን አትከልሉኝ» ብዬ ገፋኋቸው። ሐምራዊውን ነካ፣ ሰማያዊውን ነካ፣ ጨርቁን ጠጋ። ሰው ሁሉ በሩ ላይ ቆሞ ያይ ነበር። ጥቂት ሲቀረው እጄን አነሳሁ።

እትዬ ጽጌ ጎንበስ ብለው አዩና «እስቲ አስቴር፣ አንቺ እዪው፣ ደርሷል ትያለሽ?» አሏት።

እናቴ ሳህኑን አላየችም። እኔን፣ ፊቴን ነበር የምታየው። «ደርሷል» አለች።

እሳቸው የእናቴን ዓይን አዩ፣ ከዚያ እስከ ክንዷ የደረሰውን አረንጓዴ አዩ። «አስቴር» አሉ ቀስ ብለው፣ «ዓይንሽ ነው እንዴ?» ቀስ ቢሉም ቤቱ ሁሉ ሰማ። እናቴ ክንዷን በሽርጧ መጥረግ ጀመረች፣ ቀለሙ ያለው ግን በሌላኛው በኩል ነበር።

ያን ጊዜ አጎትየው «ታዲያ ባለሙያዋ ይቺ ናታ! ሹራብ ለባሿ!» ብሎ አጨበጨበ፣ ሌሎቹም ተከተሉት፣ እትዬ ጽጌ ግንባሬን ሳሙኝና «ከእንግዲህ ቀለም ያለው ነገር ሁሉ ያንቺ ነው፣ ለወዳጆቼም እነግራለሁ» አሉኝ። ደስ አለኝ። ምን ላድርግ፣ ልጅ ነኝ፣ ደስ አለኝ። ትምህርት ቤት በጎኗ የምትቀመጠው ልጅ እዚህ ትልልቅ ሰው ያጨበጭብላታል። እናቴ ከእኔ ክንድ በማይሞላ ርቀት ባዶ ሳህን ይዛ ቆማለች፣ እኔ ደግሞ ጥርሴን መክደን አቅቶኛል።

ክሬሙ አድሮ ቅዳሜ ልክ እንደ ጨርቁ ሆነ። እሑድ ከአምልኮ መልስ ሁለት ሰዎች «ቀለም የምታዋህደው ልጅ» ብለው ፈልገውኝ መጡ፣ የሚቀጥለው ሳምንት ሥራ ሞላ። ሰኞ ጠዋት ማንም ማንንም አልቀሰቀሰም። ሳሮን በጨለማ ውስጥ ብቻዋን ለብሳ፣ እኔን እንዳትቀሰቅስ ጫማዋን በእጇ ይዛ ወጣች። እኔ ነቅቼ ነበር። እናቴም ነቅታ ነበር፣ ትንፋሿ ይታወቀኛል።

ረጅሙ ዝናብ መጣ፣ ጣራው በአውሮፕላንም በዝናብም ተራ በተራ ይጮህ ነበር። ትምህርት ቤት ሳልመለስ ቀረሁ፣ «በሚቀጥለው» የሚለው ቃልም ከቤታችን ጠፋ። ቀዩ ሹራቤ ላይ የኪሊማኒው ሰማያዊ ነክቶት አልለቅ ብሎ ነበር፣ እናቴ ደጋግማ ታጥበው ነበር፣ ለማን እንደምታጥበው ሳትናገር። ሳሮን ከትምህርት ቤት ስትመለስ መዝፈን አቆመች፤ አንደኛ መውጣቷን እንኳ የሰማነው ከማማ ንጄሪ ነው፣ እሷ በስዋሂሊ እየጨፈረች ስትነግረን ሳሮን አንገቷን ደፍታ የተሰበረ ነገር እንዳመጣች ልጅ ቆማ ነበር። አቅፌ ሳምኳት። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር።

አሥራ ሰባት ሊሞላኝ ሲል እትዬ ጽጌ እናቴን ሐኪም ዘንድ ወስደው የዓይኗን ሞራ አስገፈፉላት፤ እሳቸውም ያን ማታ ሰው ፊት መጠየቃቸው ሳይከነክናቸው አልቀረም። ፋሻው ሲነሳ አልጋው አጠገብ የነበርኩት እኔ ነኝ። እናቴ ፊቴን በእጇ እየዳበሰች አየችኝ፣ አየችኝና፣ «እንዲህ ትልቅ ሆነሻል?» አለች። በየቀኑ አጠገቧ የነበርኩ ልጅ ነኝ። ነርሷ እንዳታለቅስ ብትከለክላትም አለቀሰች።

በሳምንቱ ክሬሙ ውስጥ ራሷ ቀለም አስገባች፣ ልክ እንደ ጨርቁ። «አንቺ ተቀመጪ» አለችኝ፣ እኔም ተቀመጥኩ፣ እጄን የት እንደማደርገው ጠፋኝ።

«አሁን መማር ትችያለሽ እኮ» አለች፣ ቀና ሳትል።

«በዚህ ቁመቴ? አግዳሚው ይሰበራል» አልኳት፣ ሳቅን፣ ሁለታችንም ሳቁን ቶሎ ጨረስነው።

ከዚያ ወዲያ አላነሳነውም። እሷ ልጄን አስቀረኋት እያለች፣ እኔ ትቼያት ሄጄ ሰው ፊት አዋረድኳት እያልኩ፣ ዕድሜያችንን ሁሉ ስንካካስ ኖርን። ገበታ ላይ ሥጋውን እሷ ወደ እኔ ስትገፋ፣ እኔ ወደ እሷ ስመልስ፣ ወጡ ይበርድብን ነበር። ጥፋቱ የአንዳችን ቢሆን ኖሮ ይቅር ተባብለን እናበቃ ነበር። ከዓመታት በፊት አረፈች፤ በመጨረሻዋ ሰሞን እጄን ይዛ ልትናገር ስትል «ዕረፊ እማዬ» ብዬ ያቋረጥኳት እኔ ነኝ፣ እሷ እንዳትጨነቅ ብዬ።

እናትም አያትም የሆንኩት በጠዋቱ ነው። ዛሬም ናይሮቢ ነኝ፣ ዛሬም ኬክ እሠራለሁ፣ ኦቨን አለኝ፣ ቀለሙም በጠርሙስ መሆኑ ቀርቶ እንደ ጥርስ ሳሙና ወፍራም ሆኖ ይሸጣል። ደንበኛ ጨርቅ አያመጣም፣ በስልክ ፎቶ ይልካል፣ በእሱ ስልክ ሰማያዊ የሆነው በእኔ ስልክ ሌላ ነው። ቅቤው ግን እንደ ድሮው ቢጫ ነው። ሳሮን መሃል ከተማ ቢሮ አላት፤ ልደቴን ረስታ አታውቅም፣ የምታመጣልኝ ስጦታም ሁልጊዜ ከሚገባው በላይ ነው። ጥር ሲገባ ትምህርት ቤት በሚከፈትበት ሰሞን የሰርግ ትእዛዝ አልቀበልም፣ ሰዉ «ምን ነክቷት ነው ሥራ የምትገፋው?» ይላል፣ እኔ የልጅ ልጄን ሊያን ይዤ ትምህርት ቤቷ በር ድረስ እሄዳለሁ።

ሊያ ሰባት ዓመቷ ነው፣ ዓይኗ የእኔ ነው። ባለፈው ከትምህርት ቤት መጥታ ቦርሳዋን ሳታወርድ ሳህኔን አየችና «ናና፣ ኢትስ ቱ ግሪን!» ብላ፣ አያቴ፣ አረንጓዴው በዝቷል ማለቷ ነው፣ ማንም ሳይነግራት ሐምራዊውን በስቴኪኒ ጫፍ ነካ አደረገችው፣ ልክ ነበረች። ኬኳን ልትወስድ የመጣች ደንበኛ አይታ አጨበጨበችላት። የሊያ ፊት በራ፤ እኔ ስቴኪኒዋን ከእጇ ቀማኋትና «ሂጂ፣ የቤት ሥራሽን ሥሪ!» አልኳት፣ በማላውቀው ድምፅ። አለቀሰች። «ናና፣ ምን አጠፋሁ?» አለችኝ።

እናቴ ስቴኪኒውን ሰጥታኝ ተጸጸተች፣ እኔ ነጥቄ ተጸጸትኩ። አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ እፈቅድላታለሁ። በርጩማ ላይ ቆማ ሰማያዊውን ስታዋህድ፣ ምላሷን በከንፈሯ ጥግ አውጥታ፣ እኔ ጀርባዬን ሰጥቻት ሳህን አጥባለሁ፤ ያጠብኩትንም ደግሜ አጥባለሁ፣ እስክትጠራኝ።